የወይዘሮ ታንጉት ቀዝቃዛ ተልባ

ቡሬ፣ መጋቢት ፲፱፻፴

ወንድሜ እንዳለው፣

የፖስታ ካርዱን ሥዕል ተወው፤ ገበያው ላይ ያለው ጣሊያን ያሳተመው ብቻ ነው። ነጋዴው ኑርሁሴን በእጁ ስለሚያደርስልህ የልቤን እጽፋለሁ።

የቡሬ ሙቀት አያድርስ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ብሆን ይኼኔ ጋቢ እደርብ ነበር። በዚያ ላይ ጣሊያኖቹ ጭሱ ለአርበኞች ምልክት ይሆናል ብለው ቀን እሳት ማንደድ ከልክለዋል። ቤታቸው ያረፍኩባቸውን ወይዘሮ ታንጉትን ግን አልቸገራቸውም። ቀደም ብለው ቆልተው የፈጩትን ተልባ እንስራ ውስጥ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው ድርቆሽ ይፈተፍቱበታል። ጾሙ ባያልቅ አልጠላም።

ትናንት አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ቤቱን ሊፈትሽ መጣ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ግን ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ የቆሰለው፣ ክንዱ የሚባለው ወንድማቸው ተኝቷል። ሹሙ ወደ ጓዳው ሲራመድ ወይዘሮ ታንጉት፣ «በዚህ ሐሩር ቀዝቃዛ ነገር ሳይቀምሱ?» ብለው ተልባውን አቀረቡለት። ሚጥሚጣ ሲጨምሩበት ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰውየው ሁለቴ ጎርሶ ፊቱ ደም መሰለ።

አስተርጓሚው ሳቁን ውጦ፣ «እዚህ ቤት እሳት አለ ይላሉ» አለ።

«የታል? ያሳዩኝ» አሉ ወይዘሮ ታንጉት፣ ፈገግም ሳይሉ።

ሹሙ አፉን ይዞ ወደ ወንዝ ወረደ፤ አስተርጓሚውም ተከተለው፤ ጓዳውን ያስታወሰው የለም። ክንዱ ከውስጥ፣ «እትዬ፣ ለእኔም አስቀሪልኝ፤ ሚጥሚጣውን ግን ተይው» አለ።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህ ደስታነሽም ተልባውን ትሞክርልህ፣ ሚጥሚጣው ለቅምሻ ያህል ብቻ ይሁን። ሹም በእንግድነት ከመጣባት ግን እጇን አትሰብስብ።

ያንተው ደረሰ