የሽመላን ታሪክ ስለማረም፣ ለመናፈሻችን ኃላፊ

ለክቡር ዛሚርቤክ
የኬን-ቡላክ ከተማ መናፈሻ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በመናፈሻው በር ላይ ስለተሰቀለው የታሪክ ሰሌዳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በዚህ ሐሩር ሳይታክት ለሚያገለግልዎ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም እንዲሁ። እኔ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ከሸሸኝ ግን አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል።

ይህን ደብዳቤ በዳቦ ቤቱ በር ላይ ለመለጠፍ የተገደድኩት በእጄ ያደረስኳቸው ሦስቱ ደብዳቤዎች ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ እስከ እርስዎ ጠረጴዛ ያለውን አራት እርምጃ መጨረስ ስላቃታቸው ነው። ለዳቦ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው ነገር አይጠላም።

ለማያውቁኝ ወጣቶች፣ ስሜ ቡሩልካን ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ። ሽመላ የምንላትን፣ ሃያ አራት ወንበር በሰንሰለት አንጠልጥላ በአንድ ረጅም ምሰሶ ዙሪያ ሰው የምታበርረውን ያቺን አሮጌ መጫወቻ ለሃያ ስምንት ዓመት ያንቀሳቀስኳት እኔ ነኝ። እርስዎ ያሰቀሉት ሰሌዳ «ሽመላ ከተተከለች ስልሳ ዓመት፣ አንድም አደጋ ሳይደርስባት፣ ትውልድን ስታስደስት ኖራለች» ይላል። ፊደሉ ውብ ነው። በወርቅማ ቀለም ለተጻፈ ነገር ማረሚያ ማቅረብ ድፍረት መሆኑን ባውቅም፣ ጥቂት ነጥቦችን እንድጨምር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ሽመላ በባቡር ስትመጣ በዘጠኝ ሣጥን ተልካ ሰባቱ ብቻ ነበሩ የደረሱት። ሰንሰለቶቹ ከጠፉት ውስጥ ነበሩ። ያስመጣት የከሰል ማዕድን ማኅበር የመክፈቻው በዓል ቀን እንዳያልፍበት የከሰል ፉርጎ የሚጎተትባቸውን አሮጌ ሰንሰለቶች ከጉድጓዱ አስወጥቶ ወንበሮቹን በእነርሱ አንጠለጠለ። ያኔ ገና የሃያ ሁለት ዓመት መካኒክ የነበረው፣ ዛሬ በአክብሮት «ባይኬ» የምንለው ኤሴንቁል፣ ሰው ሲያመነታ አይቶ፣ «አይዟችሁ፣ ከሰል ያልበጠሰውን የእናንተ ቂጥ አይበጥሰውም!» ብሎ አሳቃቸው። ራሱ ግን አልሳቀም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማለዳው እያንዳንዱን ቀለበት በትንሽ መዶሻ ይመታና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። «ጤነኛው ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው» ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ደስታ ያቆየው ይህ ጆሮ ነው። ሰሌዳው ላይ ስሙን ፈልጌ አጣሁት፤ ምናልባት ቦታ ጠቦ ይሆናል።

ሁለተኛ። «አንድም አደጋ» ስለሚለው። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ኤሴንቁል ባይኬ ወንድሙን ሊቀብር ወደ ተራራው መንደር ሄደ። ያኔ ለነበረው አለቃ «ዛሬ ሰንሰለቱን የመታው የለም፤ አንክፈት» አልኩት። «አንድ ቀን ምን አላት?» አለኝ። ማስነሻውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አላስገደደኝም፤ ጣቴ የራሴ ነበር። በአምስተኛው ዙር ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ነበር፤ የዋልነት ፍሬ በጥርስ እንደመስበር ያለ። ቀና ስል አንድ ወንበር ከነልጁ አጥሩን አልፎ ወደ ዓሣው ኩሬ ሲሄድ አየሁ። ልጁ አልጮኸም። እስከ ዛሬ በሕልሜ የሚያስደነግጠኝ ያ ዝምታው ነው።

ኩሬው ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁ። የወንበሩ መከለያ ብረት ሆዱ ላይ ተቆልፎበት ስለነበር ወንበሩ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ከነወንበሩ ተሸክሜ አወጣሁት። ውሃውን ተፍቶ፣ ከአገጩ ደም እየፈሰሰ፣ የመጀመሪያ ቃሉ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርቶኝ፣ «ኤዤ፣ ለእናቴ እንዳትነግሪያት» የሚል ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ክቡር ሆይ። የአገጭዎን ጠባሳ ከውትድርና እንዳመጡት በቅርቡ ለጋዜጠኛ ሲናገሩ ሰምቼ፣ ለኩሬያችን ዓሦች የሰጧቸውን ወታደራዊ ማዕረግ በኩራት ተቀብያለሁ። ለእናትዎ አልነገርኩም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ሳያውቁ ሞቱ። አለቃው ሪፖርቴን ቀደደው። የታሪክ ሰሌዳዎ እንዲህ ንጹሕ የሆነው በዚያ ቀን እንደሆነ ይገባኛል።

ሦስተኛ። ሽመላ የቆመችው፣ ሰሌዳው እንደሚለው፣ «በኢኮኖሚ ችግር» አልነበረም። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ማለዳ ኤሴንቁል ባይኬ አንዱን ቀለበት ሁለቴ፣ ሦስቴ መታና መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቡሩልካን፣ ከዛሬ ጀምሮ ብረቱ ሲናገር አልሰማውም፤ ጆሮዬ አለቀ» አለኝ። መብራቱን ቆርጬ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ክረምት በረዶ ወርዶባታል።

ዘንድሮ ግን ለከተማው በዓል ቢጫና ሰማያዊ ቀለም አስቀቧት። ስለ ቀለሙ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከመወፈሩ የተነሣ ስንጥቁን ሁሉ ሞልቶታል፤ አሁን እንኳን ጆሮ ዓይንም አያገኘውም። ይህንኑ ላሳስብ ቢሮዎ ስመጣ «ኤዤ፣ ደግሞ መጡ?» አሉኝ። «መጣሁ ልጄ። ሰንሰለቱን ቀይር» አልኩ። «ሰንሰለቱ እኮ ነው ታሪኩ! እንግዶች የሚመጡት አሮጌ ነገር ሊያዩ ነው።» «አሮጌ ነገር ከፈለጉ እኔን ይዩኝ፤ እኔ ሰው አልወረውርም» ስል ከት ብለው ሳቁ። ሻይ አስመጡልኝ። ስለ ሻዩም አመሰግናለሁ፤ ግማሹ ምንጣፍዎ ላይ ቀርቷል።

አራተኛ። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን የተደረገው ሙከራ። ሃያ አራት ጆንያ አሸዋ አስጭነው ሽመላን አስነሡ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ዙሩን እቆጥር ነበር። በዘጠነኛው ላይ ያንኑ «ቀጭ» ሰማሁ፤ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ጆንያ ከነወንበሩ ተወርውሮ የአይስክሬም ሱቁን ጣሪያ ሰንጥቆ ገባ። ሻጯ በአላህ ቸርነት ዝርዝር ገንዘብ ልታመጣ ወጥታ ነበር። እርስዎ ጣሪያውን አይተው፣ ሰማዩን አይተው፣ በመጨረሻም እኔን አይተው «ኤዤ፣ አሸዋ እኮ እጅ የለውም። ሰው ግን ይይዛል» አሉኝ። የተበጠሰውንም በሽቦ አሰሩት። በዚህ ከተማ ስንት ምሁር አይቻለሁ፤ አሸዋ እጅ እንደሌለው ያስተዋለ ግን ከእርስዎ በፊት አልነበረም።

አምስተኛ፣ ያለፈው እሁድ። ለመክፈቻው ከትምህርት ቤቱ የተመረጡ ሃያ አራት ተማሪዎች ስም ሲለጠፍ የልጅ ልጄ ቤርመት ሰባተኛ ላይ ነበረች። «አፓ፣ ከላይ ሆኜ እጄን አወዛውዝልሻለሁ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቷን ለመንኩ፤ «እማዬ፣ ሁሉም ልጅ እየሄደ የኔዋን እንዴት ላስቀር?» አለችኝ። እኔም እሁድ ማለዳ፣ የሙዚቃ ባንዱ ሳይመጣ፣ ገብቼ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መከለያውን ቆለፍኩ። ልጁ ከበረረ ወዲህ በሽመላ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እግሬ መሬት እየነካ እንኳ ሰንሰለቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር።

እርስዎ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። «ኤዤ፣ ሰው እያየን ነው፤ ይውረዱ» አሉኝ በቀስታ። «አንተ አጠገቤ ተቀመጥና አንድ ዙር እንዙር፤ ከዚያ እወርዳለሁ» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኮትዎን አውልቀው ተቀመጡ፤ ቆለፉ፤ ሰንሰለቱን ያዙ። ማስነሻው ላይ የቆመው ሰው ትእዛዝዎን ጠበቀ። እኔ ደግሞ እጅዎን አየሁት። ቢጫው ቀለም ከመዳፍዎ ሥር እየተላጠ ጉልበትዎ ላይ ይረግፍ ነበር። ከንፈርዎ ነጣ። ዓይንዎ ከአጥሩ ማዶ ኩሬው ላይ ቀረ። በዚያች ሰዓት እውነቱን ልንገርዎ፣ «አስነሣ» እንዳይሉ ዱዓ አደርግ ነበር፤ ለእርስዎም ለእኔም። ከዚያ መከለያውን ከፍተው ተነሡና «ዛሬ መብራቱ አስተማማኝ አይደለም፤ መክፈቻው ተላልፏል» ብለው አወጁ። ባንዱ የድምፅ ማጉያው ላይ በዚያው መብራት ይዘፍን ነበር።

ሃያ አራት ልጆች አለቀሱ። ቤርመት ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገረችኝም፤ ምግብ ሳቀርብላት ሳህኑን ዞር ታደርገዋለች። ይሁን፤ በሁለት እግሯ ቆማ ታኩርፈኝ። እጅዎን ግን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ አፍዎ ሠላሳ ስድስት ዓመት የደበቀውን በሕዝብ ፊት የተናገረ ታማኝ እጅ ነው።

ትናንት አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፤ ሽመላ ቅዳሜ ትከፈታለች ይላል፤ ሰንሰለቱም ያው ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። ቅዳሜን ሳስብ ዳቦ ሲሰበር እንኳ እደነግጣለሁ። ቢሆንም ቅዳሜ ማለዳ እዚያው ወንበር ላይ እገኛለሁ። ኤሴንቁል ባይኬም ሰምቷል፤ ጮኼ ነው የነገርኩት፤ «እኔም አጠገብሽ ነኝ» ብሏል። እኛን ለማስወረድ የሚጠይቀው አዲስ ሰንሰለትና የሰሌዳው አንድ መስመር መታረም ብቻ ነው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለወርቅማው ፊደልና ለቀለሙ ውፍረት ደግሜ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከእርሱም በሚበልጥ ፍርሃት፣

ቡሩልካን
የቀድሞ የሽመላ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ በር
በሰባተኛ ተራ ቁጥር ለተመዘገበችው ኩርፈኛ ተማሪ

እንዳይረሳ፦ እሁድ ማስነሻው ላይ የቆመው ሰውዬ ሥራውን ስለለቀቀ በምትኩ የቀጠሩት ሠራተኛ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ «ኤዤ፣ ፍሬኗ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤዬ እንዳይረዝም ብዬ ትቼው ነበር እንጂ፣ ፍሬኗ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከመዳብ ሽቦዎቹ ጋር ተፈትቶ ከተወሰደ በኋላ ያየው የለም። «ታዲያ በምን ትቆማለች?» ሲለኝ «ሲበቃት» አልኩት። ባርኔጣውን እኔ ቤት ረስቶ ሄዷል። ቅዳሜ ሥራ ከገባ ባርኔጣው እኔ ጋ እንዳለ ይንገሩልኝ።