ፈጽሞ የማያቃጥለው ምንጣፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

«ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም አይደል እንዴ?» እማዬ ናት፣ ቁርስ ላይ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ጥላሸት ከገባበት ያስተላልፋል አልኳት። ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አቅልጠን፣ ጥላሸት ቀላቅለን፣ ማሞቂያ ምንጣፍ እንሠራለን...

«ጥላሸት ለመቀላቀል ነው አምስት ዓመት የተማርሽው?»

የሙከራ ቅጥሬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። ቋሚ እሆን ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ናሙናውን ቤተ ሙከራው ምድጃ ውስጥ እያሞቅሁ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ለካሁ። አርባ ዲግሪ... ደህና። ሃምሳ... ደህና። ሰባ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ድርግም። ሦስቴ ደገምኩ፣ ሦስቴም ድርግም። ሪፖርቱ ላይ በትልቁ «አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ። ኮራሁም መሰለኝ።

ጋሼ፣ ቴክኒሻኑ፣ አንብበው ሳቁ። «ሲሞቅ ፕላስቲኩ ያብጣል፣ የጥላሸቱ ብናኞች ይራራቃሉ። የተራራቀ ዘመድ ወሬ ያቀባብላል?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ሥራ አስኪያጁ «አልተሳካም» የሚለውን ሰርዘው «ራሱን የሚያጠፋ» ብለው ጻፉበት። ሲግል ራሱ ያቆማል፣ ሲበርድ ራሱ ይቀጥላል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ትናንት ያበላሸሁት እኔ፣ ዛሬ ሊቅ ሆንኩ። ማስታወቂያው ሁሉ ተረቅቋል፦ «ፈጽሞ አያቃጥልም»። ዓርብ ኅዳር 21 የደኅንነት ማረጋገጫው ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። የቋሚነት ደብዳቤዬን የምቀበለውም ያን ዕለት...

ለሙከራ ከተሠሩት ምንጣፎች አንዱን እማዬን ለሚያማት ጉልበቷ ይዤላት ገባሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እማዬ ምንጣፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እንደተሰካ፣ ልብስ ትተኩስበታለች።

«ምን አለበት? ለስላሳ ነው፣ ከሥርም ይሞቃል። ከላይም ከታችም ሲሆን ቶሎ ያልቅልኛል።»

ካውያውን አነሣሁ። ምንጣፉ ግን አልበረደም፤ ካውያው ያረፈበት ቦታ ጭራሽ ይግል ጀመር። ነቀልኩት። ፈጽሞ የማያቃጥለው የሸሚዜን ጀርባ በልቶታል... ለፊርማው ቀን ያዘጋጀሁትን።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ናሙናውን ከትቼ ምድጃውን መቶ ሃያ ዲግሪ አደረስኩት። እስከ ዛሬ ከሰማንያ አልፌ አላውቅም። ድርግም ካለ በኋላ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ኤሌክትሪኩ ተመልሶ መጣ።

«ሲቀልጥ ብናኞቹ እየዋኙ ይገናኛሉ» አሉ ጋሼ። «ታረቁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም?»

«ማን ይተኩስበታል ብዬ?»

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ... «እናትሽ መመሪያ አያነቡም? ዓርብ ትፈርሚያለሽ፣ ዓርብ ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ።»

መመሪያው ገና አልተጻፈም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

አልፈርምም። ሪፖርቱ ላይ «አልተሳካም» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ያኔ ሳላውቅ ነበር፣ አሁን ግን አውቄ። በትንሹ ነው የጻፍኩት። ከሥሩ ለሥራ አስኪያጁ ያከልኩት ይኸው፦

«በሙቀት የሚቆርጥ ፊውዝ ቢገባበት ይድናል። ሁለት ሳምንት ይስጡኝ፤ የሙከራ ጊዜዬ ቢራዘምም አይከፋኝም። ነገ በአራት ሰዓት ምድጃው ዘንድ ካውያ ይዤ እጠብቅዎታለሁ። ሸሚዝ ከእርስዎ። ይመጣሉ? እባክዎ መልሱን ከዚሁ ሥር ይጻፉልኝ።»