ከል ስለለበሰው ማንበቢያ ቤታችን

ለተከበሩ የወጣቶች ማንበቢያ ቤት ኃላፊ፤
ደብረ ማርቆስ

ጤናዎ እንደ ጮቄ ምንጭ በጋ ከክረምት አይንጠፍ፤ ቤትዎም ብርሃን አይጣ እያልኩ፣ ዓምና በምህንድስና ተመርቄ እስካሁን ለሥራ ፈተና በማንበብ ላይ የምገኝ ደንበኛዎ፣ የማንበቢያ ቤታችንን ነጭ ግድግዳ ከጣራ እስከ ወለል ጥቁር ግራጫ ስላስቀቡልን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ «እድፍ አይታይበትም» ብለው የመረጡት ቀለም በእውነትም እድፍ አያሳይም፤ ችግሩ መጽሐፉንም አለማሳየቱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በአንዲቷ መስኮት ሥር ተደራርበን ስለምንቀመጥ ፍቅራችን ጠንክሯል፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ እድፍ ያሉት ነገር ምን እንደነበረ ስብሰባ በዝቶብዎ ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል። ጓደኛችን ወንድምአገኝ በመስኮቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያነብ ነበር። ፀጉሩን ቅባት ሳይቀባ ከቤት አይወጣምና፣ በነጩ ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል ምልክት ትቷል። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ ስንደውልለት የምትመልስልን ያቺ የማትሰለች የስልክ ሴትዮ ብቻ ናት። እናቱ እትዬ ዘቢደር ግን፣ መርዶ ካልሰማሁ ከል አልለብስም ብለው ነጭ በነጭ እንደሆኑ፣ ገበያ በወጡ ቁጥር ጎራ ይሉና ያችን ምልክት ዳሰስ አድርገዋት ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ በደረቀ ማግስት እትዬ ዘቢደር እንደ ልማዳቸው መጡ። ከደጃፉ ቆመው የጠቆረውን ቤት አዩ፤ እኛም ጸጥ ብለን አቀርቅረናል። ይህ በአገራችን ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። «እኔን ሳትነግሩኝ ቤቱን ከል አለበሳችሁት?» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ ከሪማ ሱቃቸውን ዘግተው እየሮጡ መጡ፤ እድሩም ድንኳኑን ተሸክሞ ከደጃችን ደረሰ። «እትዬ፣ ቀለም ነው እኮ!» ብለን ብንምል ብንገዘት የሚሰማን ጠፋ፤ ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ መጽሐፋችንን ከጉልበታችን ላይ እያነሣ አጠፈልን። እትዬ ዘቢደር በስንት መከራ ሲያምኑን ዕንባቸውን ጠረጉና፣ «ማንም ካልሞተ ለምን አጠቆራችሁት? ልጄ የተደገፈባትስ የት ሄደች?» አሉን። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ጥያቄውን እነሆ አስተላልፌያለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ወንበር የሚቀመጥ የለም፤ ቦታ ጠብቦን ወለል ላይ ስንቀመጥ እንኳ ባዶዋን እንተዋታለን። ቀኑ ዘንበል ሲል ከወደዚያ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ የምንሰማ ይመስለናል፤ ሁላችንም ቀና እንላለን። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም፤ ጀርባዬን ግን ወደዚያ አልሰጥም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት፦ መዳፍ የምታህለውን ቦታ ቀለሟን እንድንፍቅ ይፍቀዱልን። የቀረውን ግድግዳ እኛው ሥራ ፈላጊዎቹ ኖራ በጥብጠን በነጻ እናነጣዋለን፤ በእርስዎ በጎ ፈቃድ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶናል። እትዬ ዘቢደር ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። በቀደም መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ ነጠላቸው አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው።

ከቀለምዎ ጥላ ሥር ሆና ረጅም ዕድሜና ብሩህ ግድግዳ የምትመኝልዎ፣
አክባሪዎ ወንጌላዊት ባዘዘው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ቀና ብል፣ ከወንበሯ በላይ ያ ቅባት የእርስዎን ቀለም ገፍቶ መውጣት ጀምሯል፤ በመስኮቱ ብርሃን ያብለጨልጫል። ሁለተኛ ዙር ቀቢ ለመላክ ካሰቡ፣ እንደ አገሩ ወግ ጎህ ሳይቀድ አስቀድመው ሽማግሌ ይላኩና ለእናቱ መርዶውን ያስነግሩ፤ የሚያውቁት ነገር ካለ።