የአባዬ ብረትና የእኔ ጥንቸሎች

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ አምሳሉ፤
ሳውላ

አባዬ፣ የጌታ ሰላም በእርስዎና በመላው ቤታችን ላይ ይብዛ። እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ አሁንም ብርድ ሲሆን ይነክስዎታል? እማዬን ዓይኗን ያማት የነበረው ተሻላት? እህቴ ኢያኤልስ ትምህርቷን ይዛለች ወይስ መስታወት ፊት ቆማ ትውላለች? ቡራቡሬዋ ላምስ ወለደች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም።

ሥራዬ እንደሚያውቁት ነው። ጠዋት በባጃጅ ወደ ምርምር ክፍላችን እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እንደምን አደርክ የምለውም ሰውን ሳይሆን ጥንቸልን ነው። ጎመናቸውን ሰጥቼ ቤታቸውን አጸዳለሁ፤ ከዚያ ተራው የደረሰውን በማደንዘዣ እናስተኛዋለን። ዶክተር ሙህዲን ቀጭን መርፌ ጉበቱ ላይ ካለው ዕጢ መሐል ያስገባሉ፤ የመርፌው ጫፍ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ እኔ ሙቀቱን ከሚያሳየው ስክሪን ላይ ዓይኔን አልነቅልም። ሙቀቱ ካነሰ የዕጢው ዳር ሳይሞት ይቀርና መልሶ ያድጋል፤ ከበዛ ደግሞ ደኅናውን ጉበት ይጎዳል። ባለፈው ወር የአንዷ ግራጫ ጥንቸል ዕጢ ከነዳሩ ሞቶ አገኘነውና ዶክተር ሙህዲን በደስታ ሁላችንንም ምሳ ጋበዙን። እሷ ግን ጉበቷ እንዲመረመር መሞት ነበረባት። እማዬ እንዳትስቅብኝ እንጂ፣ ትንሽ አልቅሻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ለገና መጥቼ የጉበት ዕጢን በሙቀት እናቃጥላለን ብዬ ስነግርዎት ፊትዎ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። የወፍ በሽታ የያዘውን፣ ጎኑን ያመመውን ሁሉ በጋለ ብረት ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ነዎትና፣ ልጅዎ የእርስዎኑ ሙያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች መሰለዎት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ የነገርኩዎት ስለ ጥንቸል ነበር፣ በማግሥቱ ግን ገበያው ሁሉ የሀዋሳ ሐኪሞችም እንደ አምሳሉ መተኮስ ጀመሩ ይል ነበር። እማዬና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ኢያኤል ደውላ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ ጉልላት ቀኝ ጎናቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ ካንሰር ነው ተብሎ ሐሙስ እርስዎ ሊተኩሷቸው እንደሆነ ስትነግረኝ ግን ሳቄ ጠፋ። የተማሪ ቤት ልብሴን ሁሉ የሰፉልኝ ሰው ናቸው። ወዲያው ደወልኩልዎት። ብረቱ ከቆዳ እንደማያልፍ፣ ጉበት ከጎድን አጥንት ሥር እንደሆነ፣ ቁስሉ ራሱ ሊያመረቅዝ እንደሚችል፣ የእኛም ዘዴ ገና ከጥንቸል እንዳልወጣ ነገርኩዎት። እርስዎም አባትሽን ልታስተምሪ ነው ወይ አሉኝና ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን እርስዎ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አባዬ፣ ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። ለጋሽ ጉልላት እፈራ ነበር፤ እርስዎንም ያስቀየምኩ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ ጉልላት ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ከመናኸሪያ ደወሉልኝ። ስደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ይዣቸው ወደ ሆስፒታል በረርኩ። የምሥራቹን ልንገርዎ፦ ዕጢ አይደለም! በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበታቸው መግል ቋጥሮ ነበር። በመርፌ ተቀድቶ ወጣና መድኃኒት ተጀመረላቸው። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸውም ተመለሰ። ሲወጡ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ አበላኋቸው። የአላፊ አግዳሚውን ሁሉ ኮት እያዩ ይህን የሰፋው ማነው፣ ትከሻው ተጣሟል ሲሉ፣ በእርግጥ ድነዋል አልኩ።

አንድ ነገር ግን ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ። የመጡ ቀን፣ ተተኩሰው ይሆን ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ወጣቷ ሐኪም ሸሚዝዎን ይግለጡ ስትላቸው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷም ጎናቸውን ዳስሳ፣ በአገራችሁ የሚተኩስ ሰው የለም እንዴ ብላ ጠየቀች። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ቆዳቸው እንደ ሕፃን ቆዳ ንጹሕ ነበር።

ጋሽ ጉልላት ሁሉንም ነገሩን። ፍሙ ተያይዞ፣ ብረቱ ግሎ፣ ጎረቤቱ ከቧቸው ሳለ እርስዎ ጎናቸውን ደጋግመው ዳሰሱ አሉን። ከዚያ ብረቱን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ይህ የእኔ ብረት የማይደርስበት ነው፣ ልጄ ዘንድ ይሂዱ አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እኔም ለሐኪሟ፣ የሚተኩስ ሰውማ አለ፣ አባቴ ናቸው፣ እሳቸው ናቸው የላኳቸው አልኳት። አባዬ፣ እንደዚያን ቀን በእርስዎ ኮርቼ አላውቅም።

ከእንግዲህ ይህን እጄን ምን ላድርገው ብለው በጋሽ ጉልላት በኩል ጠይቀውኛል። እጅዎ ይዳስስ፣ አባዬ። አብጦ ያገኙትን ሁሉ ይላኩልኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚሰጡዎት ራሳቸው ጋሽ ጉልላት ናቸው። ሸሚዛቸውን ገልጠው እንዲያሳዩዎት አደራ ብያቸዋለሁ፤ የመርፌዋ ምልክት ከትንኝ ንክሻ አትበልጥም።

እማዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ የዓይን ጠብታዋን በፌስታሉ ውስጥ ልኬላታለሁ። ኢያኤልን ደግሞ ያቺን ወሬ አቀባይ አፏን ይሳሙልኝ፤ ለዚህ ጊዜ ምሬያታለሁ። ለቡራቡሬዋም ከጎረቤት ሁሉ ጋር ሰላምታዬ ይድረሳት።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ታቢታ አምሳሉ

ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.