የአንድ ቱቦ ሁለት ሙቀት

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ሐኪሙን ትሸሻለህ? የእማዬ ዓይን ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ይህን የምልህ ለወጉ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ስታነብ ይገባሃል።

«ፈርሚና ሥራሽን ያዢ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያልክበት ደብዳቤ ደርሶኛል። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም፤ እህልም ግን አይገባም። ጋሼ፣ አልፈረምኩም።

ነገሩን ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። በምንሠራበት ሕንፃ ያለው የመድኃኒት መጋዘን ኤሲው አላቀዘቅዝ አለና ተጠራን። የማሽኑን ሙቀት የምትለካው ሴንሰር የጣት ጫፍ ታህላለች፤ ቀዝቃዛው ጋዝ የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ አትገባም፣ ከላዩ ትታሰራለች። አሥራ አራት ዲግሪ አነበበች፤ ለዚያ ቱቦ ብዙ ነው። አለቃችን ፎርማኑ ገና መሣሪያውን ሳያወርድ «ጋዝ አንሶታል፣ ሙዪ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ ሳያት፣ ቀለም በተቀባ ቱቦ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተንጠልጥላለች። ራቁቷን ናት፤ የሞተሩ ትኩስ አየር ፊት ለፊት ይመታታል። እንዲህ የታሰረች ሴንሰር ግማሹን የቱቦውን፣ ግማሹን የአየሩን ነው የምትናገረው። እሷን አምኜ ጋዝ ብጨምር ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕሬሰር እገድለዋለሁ። አልሞላም አልኩ።

ተበላሽታለች እንዳይሉ ፈትቼ በረዶ ባለበት ውሃ ነከርኳት፤ ዜሮ አለች። እሷ ልክ ናት፤ ጥፋቱ የአስተሳሰሯ ነው። እንደነበረችው መልሼ አሰርኳት። ከእሷ አንድ ስንዝር ራቅ ብዬ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩና ሌላ ሴንሰር፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ቀብቼ፣ አጥብቄ አሰርኩ፤ በስፖንጅም ጠቀለልኳት። ያው ቱቦ፣ ያው ደቂቃ፤ አንዷ አሥራ አራት፣ ሌላዋ ስምንት። የመጋዘኑ ኃላፊ ጎንበስ ብላ አየችና አንድ ቱቦ ሁለት ሙቀት አለው እንዴ ብላ ሳቀች። ፎርማኑ ግን «ብርድ ልብስ አልብሰሽው ቀዘቀዘ ትያለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም «ብርድ ልብስ አያቀዘቅዝም ጌታው፤ የውጭውን አየር ነው የሚከለክለው» አልኩት። የቆመው ሁሉ ሳቀ። መዘዝ ያመጣብኝ ያ ሳቅ ነው። ጋዙ አልጎደለም ነበር፤ የአየር ማጣሪያው ፊልተር በአቧራ ታፍኖ ነው። ሳጥበው መጋዘኑ በዚያው ቀን ቀዘቀዘ።

በማግስቱ «ትእዛዝ ጥሼ፣ በተሳሳተ መለኪያ አለቃዬን አዋርጃለሁ» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ብፈርም ቴክኒሻን እንደሆንኩ እቀጥላለሁ፤ ባልፈርም ወደ ፊልተር አጣቢነት እመለሳለሁ። ከዚያ ባልዲ እስከ መሣሪያ ቦርሳው አራት ዓመት እንደፈጀብኝ አንተ ታውቃለህ። አልዋሽህም፣ አልቅሻለሁ። ግን «በተሳሳተ መለኪያ» የሚለውን ልውጠው ብል አልወርድ አለኝ። በፊርማው ቦታ ሁለቱን ቁጥሮች ከነሰዓታቸው ጽፌ መለስኩላቸው።

ይኸው ፊልተር ሳጥብ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቅጣቱን ያወጣው ሰው ግን አንድ ነገር አላሰበም። ቴክኒሻን ሳለሁ የተጠራሁበትን ማሽን ብቻ ነበር የምከፍተው፤ ፊልተር አጣቢ ግን ሁሉንም ይከፍታል። የብርጭቆ ወረቀቱን፣ ቅባቱንና ስፖንጁን በሽርጤ ኪስ ይዣለሁ። ራቁቷን ያገኘኋትን ሴንሰር ሁሉ አስተካክዬ እዘጋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጨርሻለሁ፤ ሃያ ሦስት ይቀሩኛል። በድብቅም አይደለም፤ በየማሽኑ ክዳን ውስጥ በፊትና በኋላ ያነበብኩትን ጽፌ ከሥሩ እፈርማለሁ። ፊርማዬን የፈለገ እዚያ ያገኘዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ጠብታውን በሰዓቱ ታድርግ። ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ሹራቡ ልክ ሆኖኛል። ያቺን ሬዲዮ ፈታትታ የማትገጥም ልጅህንና ቀበጡን ታናሿን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤት እህትህ ምን ትሠራለች ቢልህ፣ ፊልተር ታጥባለች በል፤ ስትናገርም ድምፅህን አትቀንስ።

እህትህ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
የካቲት ፲፩ ቀን