ኡርጂ ሞታለች ብዬ ጽፌ ነበር

ውድ ገለኔ፣

ማክሰኞ ደጅሽ ላይ ቆሜ ሳለቅስ «አቧራ ገባብኝ» አልኩሽ። በሐምሌ፣ ኖፓ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ! አንቺም ጨዋ ነሽና አመንሽልኝ። እውነቱን ፊት ለፊት ልነግርሽ አፌ እምቢ ስላለ ይኸው ከመቱ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ልጅሽን ኡርጂን ሞታለች ብዬ መዝግቤያት ነበር።

ጥናታችን ልጆችን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ አምስት ዓመታቸው መከታተል ነው፤ በየሦስት ወሩ እየመጣሁ የምመዝናት ለዚያ ነው። ሚያዝያ ላይ ስመጣ ግቢያችሁ ድንኳን ተተክሏል። በር ላይ ያገኘኋቸውን ሴት ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ሕፃን ልጅ ሞታ ነው» አሉኝ። ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አንቺን በዓይኔ ብፈልግ የለሽም፤ ጓዳ ተኝታ ይሆናል አልኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሞተችው የማን ልጅ ናት ብሎ ማን ይጠይቃል? «ያጥናችሁ» ብዬ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ታብሌቱ ላይ «ሞታለች» የሚለውን ነካሁ።

ለካ የሞተችው ግቢውን የምትጋራሽ የባልሽ ወንድም ሚስት የዋሪቱ ልጅ ናት። አንቺ ኡርጂን ይዘሽ እናትሽን ልታስታምሚ ኡካ ሄደሽ ገና አልተመለስሽም።

ልጅ ሲሞት እናትን አግኝቶ ልጅሽ እንዴት ታመመች፣ ስንት ቀን ተኛች ብሎ መጠየቅ የሥራው ደንብ ነው። ሐዘኑ እስኪበርድ ስድስት ሳምንት እንታገሳለን። እኔ ግን ሦስት ወር ለገምኩ። አለቃችን ጋሼ ጅራታ በጠየቁኝ ቁጥር «ቤቷ አላገኘኋትም» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ አንድም ቀን ከኖፓ ገበያ አላለፍኩም። ያንን ጥያቄ አንቺ ፊት ማንበብ አቃተኝ።

ማክሰኞ ጋሼ ጅራታ ቆርጠው ላኩኝ። በሩን የከፈተችልኝ ኡርጂ ራሷ ናት፣ በቆሎዋን እየጋጠች። አንቺም ከኋላዋ «ጀናት፣ ማል ታቴ?» እያልሽ ወጣሽ። ምን ሆንኩ ልበልሽ? ያ እንባ የደስታ ነበር። በዋሪቱ ሐዘን ላይ እፎይ ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ግን እፎይ ብያለሁ።

ረቡዕ ሁሉንም ለጋሼ ጅራታ ተናገርኩ። እሳቸውም «ስህተቱን አብረን እናርመዋለን፤ ውሸቱን ግን ራስሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ» አሉኝ። ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ይገባኛል። የኡርጂም ክትትል እንደገና ተከፈተ።

በሚመጣው ሐሙስ ሚዛኔን ይዤ እመጣለሁ። የመጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጅቷ በሕይወት አለች?» ይላል። ጭንሽ ላይ ተቀምጣ እያየኋት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለኝ፣ እስከ ዛሬ ዘልዬው ራሴ ነበር የምሞላው። ሐሙስ ግን እጠይቅሻለሁ። ጮክ ብለሽ መልሺልኝ።

ወዳጅሽ ጀናት
መቱ