የእናትሽ ቲማቲም

መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ከዓይኔ ለራቀችው ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። ምግብማ ራሴ እሠራለሁ። ጎረቤታችን ቀምሳ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ለወዳጅ ለጠላትም አይሰጥ» ብላኛለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ቲማቲም ነው። ከመሞቷ በፊት ዘሩን አጥባና አድርቃ ለመሥሪያ ቤታችን የዘር ማከማቻ ሰጥታ ነበር። ጓሮው ከእሷ በኋላ ጠፍ ሆኗል፤ የቀረው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ያለችው አንዲት ፓኬት ናት። ሰሞኑን እዚያው መደርደሪያ ላይ ካሉት የቲማቲም ዘሮች ቫይረስ ተገኘ። ቫይረስ የያዘው ዘር ላይ ላዩን ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ነው። ዘሩን የሚያቆየው ቅዝቃዜ በሽታውንም ያቆየዋል። አለቃችን «ያልተመረመረ ሁሉ ይቃጠል» አለች።

የቸገረው ነገር፣ እኛ ዘር የምንመረምረው ፈጭተን ነው። የእናትሽን ብፈጨው ጤነኛ መሆኑን አውቄ ባዶ ፓኬት ታቅፌ ልቀር ነው። አለቃዬን ለመንኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ ፊቴን አይታ ለዘበች።

«ይሁን፣ ለብቻው ክፍል ይዝሩትና ቅጠሉ ይመርመር። አንዱ እንኳ ከታመመ ግን ሁሉንም አቃጥላለሁ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እጄን በሳሙና ሳልፈገፍግ፣ ጋውንና ጫማ ሳልቀይር እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ሲጋራም ተውኩ፤ የትንባሆ ቫይረስ በአጫሽ እጅ ወደ ቲማቲም ይሻገራል። እናትሽ ዕድሜ ልኳን ለምና ያላስተወችኝን ቲማቲሟ አስተወችኝ።

ችግኞቹ ሲያድጉ ግን ሆዴ ባባ። የቲማቲም ቅጠል ሽታ ታውቂው የለ? እናትሽ ከጓሮ ስትገባ እጇ የሚሸተው እሱን ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አወራቸዋለሁ፤ የሰማኝ ካለ አበደ ብሏል። ቤት ውስጥማ ማንን ላውራ?

ዛሬ ከሰዓት የመጨረሻው ቅጠል ተመረመረ። ሁሉም ንጹሕ ነው ልጄ፣ አንድም የታመመ የለም! አለቃዬ እንኳ አጨበጨበች። እኔ ደስታው አላስችል ብሎኝ ስልክ አነሳሁና ቤት ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ። ማን እንዲያነሳልኝ እንደምጠብቅ የገባኝ ብዙ ከጠራ በኋላ ነው። ገብቶኝም አልዘጋሁትም፤ ራሱ እስኪቋረጥ ያዝኩት።

በይ፣ ለእኔ ብለሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ የጀመርሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ናፍቀሽኛል። ሲመችሽ በቤቱ ስልክ ደውዪልኝ፤ እኔ አነሳዋለሁ።

አባትሽ